አሳዳጊ ወይስ ወላጅ? ከደብረ ታቦር እና ከደሴ ስለሄዱ ልጆች

ዛሬ ረዘም ያለ ጽሑፍ ነው ይዤ የመጣሁት፤ ቡና ያላችሁ አፍሉና ተቀመጡ። የውጭ አገሩን ታሪክ በእነሱ አቆጣጠር (እ.ኤ.አ.)፣ የኛን በኛ እየጻፍኩ እሄዳለሁ፤ እንዳትደናገሩ።

ከቀድሞ ተማሪዎቼ አንዱ ሰሞኑን «ዘ ብላይንድ ሳይድ» የሚባለውን የአሜሪካ ፊልም አይቶ በውስጥ መስመር ጻፈልኝ። «ቲቸር፣ ከኛ አገርስ በማደጎ ሄዶ እንደዚህ በኮሌጅ ኳስ የከበረ ልጅ የለም ወይ?» ነው ጥያቄው። በሁለት መስመር መልሼለት ልተወው ነበር፤ ግን ነገሩ ከደብረ ታቦር ጀምሮ የሚጎተት ክር ሆነብኝ። እኛ ይፋግ ተቀምጠን ደብረ ታቦር ማለት ወደ ወረታ ወርዶ፣ በምሥራቅ በኩል ያለውን መንገድ ይዞ ሽቅብ ማለት ነው። ቅርብ ነው። ስለዚህ እዚሁ ለሁላችሁም ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ ፊልሙን ላላያችሁት። ማይክል ኦኸር የሚባል በሜምፊስ ከተማ በድህነት ያደገ ጥቁር ልጅ አለ። ቤት የለውም፣ ከዘመድ ዘመድ፣ ከጓደኛ ጓደኛ ሲንከራተት ነው የኖረው። አንድ ሀብታም ነጭ ቤተሰብ ያስጠጋዋል፣ ያስተምረዋል፣ የአሜሪካን ፉትቦል (ኳሷ ሞላላ የሆነችው፣ በእጅም የሚይዟት፣ የብረት ቆብ አድርገው የሚጋጩባት) በሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ይጫወታል፣ ከዚያ በ2009 እ.ኤ.አ. ባልቲሞር ሬቨንስ የሚባለው ትልቅ ክለብ ይወስደዋል። ሳንድራ ቡሎክ እናቲቱን ሆና ተጫውታ ኦስካር አግኝታበታለች።

በነገራችን ላይ አሜሪካ ውስጥ የኮሌጅ ኳስ ስንል የኛን የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር አታስቡ። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ስታዲየም ብቻውን ከ107 ሺህ በላይ ሰው ያስቀምጣል። አንድ የድሃ ልጅ ጉልበትና ፍጥነት ካለው በነፃ ትምህርት ዩኒቨርሲቲ ገብቶ፣ በዚያው ወደ ሚሊዮን ብር የሚወጣበት መሰላል ነው። ለዚህ ነው ፊልሙ ያን ያህል ያስለቀሰው።

ፊልሙ ከወጣ ከ14 ዓመት በኋላ ደግሞ ሌላ ነገር መጣ። በነሐሴ 2023 እ.ኤ.አ. ኦኸር ፍርድ ቤት ቀርቦ «እኔን ማንም በማደጎ ልጅ አላደረገኝም፤ 18 ዓመት ሲሞላኝ የማደጎ ወረቀት መስሎኝ የፈረምኩት የሞግዚትነት ወረቀት ነበር» አለ። በዚህ ወረቀት ውል የመዋዋል መብቱ በነሱ እጅ ነው፣ በቤተሰቡ ውስጥ ግን ልጅ አይደለም። ቤተሰቡ በበኩሉ የቀረበበትን ውንጀላ አልተቀበለም፣ እንደ ልጃችን ነው የያዝነው ብሏል። የሆነ ሆኖ ሞግዚትነቱ መኖሩ አላከራከረም። በመስከረም ወር ዳኛዋ አፈረሱት። ያን ጊዜ ኦኸር 37 ዓመቱ ነው።

እንግዲህ ተማሪዬ «በማደጎ» ሲል በቀላሉ ያለፋት ቃል ላይ እኔ ቆምኩ። በየዓመቱ መስከረም ላይ የምንሞላው የምዝገባ ቅፅ ትዝ ይላችኋል? «የወላጅ ወይም የአሳዳጊ ስም» ይላል። ያቺ «ወይም» ብዙ ነገር ተሸክማለች። አክስቱ ጋር ያለው፣ አያቱ ጋር ያለው፣ ከብት እየጠበቀ ለመማር ሰው ቤት የገባው፣ ከጦርነቱ ወዲህ ደግሞ ከየት እንደመጣ ራሱም በቅጡ የማይናገረው፣ ሁሉም እዚያች መስመር ላይ ይሰለፋል። የሚበላውን የሚያገኝ ሁሉ ልጅ የሆነ አይደለም።

አባቶቻችን ልዩነቱን ያውቁት ነበር። በጎንደር በኩል የጡት ልጅ የሚባል ነገር ነበር። ልጅ የሚያደርገው ሰው ማር የተቀባ ጣቱን ወይም ጡቱን በምሥክር ፊት ያጠባል፣ ከዚያ በኋላ «የጡት አባቴ» ይባላል፣ መጠቃቃት ነውር ነው። ጎልማሳም ቢሆን ይጠባ ነበር፣ ትልቅ ባላባት የጡት አባት ማድረግ ጥላ ነበርና። ፖለቲካም አለበት ማለት ነው። ኦሮሞዎች ጉዲፈቻ ይሉታል፣ ቃሉም ሥርዓቱም ወደ አማርኛው ገብቷል። ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው የሰው ልጅ አሳድገዋል። የሸዋውን ምኒልክን ማርከው መቅደላ ላይ እንደ ልጅ ያዙት፣ ልጃቸውን አልጣሽን ዳሩለት። ምኒልክ ግን በ1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አመለጠ። እንደ ልጅ ቢያዝም እስረኛ መሆኑን አልረሳማ!

የኚሁ የቴዎድሮስ ልጅ ነው እንግዲህ የመጀመሪያው ታሪኬ። ልዑል ዓለማየሁ በሚያዝያ 1853 ዓ.ም. ደብረ ታቦር ተወለደ። እናቱ የደጃዝማች ውቤ ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅ ናቸው። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትሰበርና አባቱ ራሳቸውን ሲሰዉ ልጁ ሰባት ዓመቱ ነው። እንግሊዞች ዘውዱን፣ ብራናውን፣ ታቦቱን በዝሆንና በበቅሎ ጭነው ሲወርዱ እናትና ልጅንም ይዘው ወረዱ። እቴጌ ጥሩወርቅ ታመው ነበር፣ በወሩ ትግራይ ውስጥ መንገድ ላይ አረፉ፣ ጨለቆት ተቀበሩ። ልጁ ብቻውን ቀረ።

እዚህ ላይ አንድ ሰው ይገባል፤ ካፒቴን ስፒዲ። ቁመቱ እንደ ጥድ የሆነ፣ ቀይ ፂም ያለው፣ ቀደም ብሎ ለቴዎድሮስ ወታደር ያሠለጠነ፣ አማርኛ የሚናገር እንግሊዛዊ ነው። የኛ ሰዎች «ባሻ ፈለቀ» ይሉታል። ልጁ እናቱ ከሞቱ በኋላ እሱ ላይ ተጣበቀ፣ ሌሊት እየባነነ ያለ እሱ አይተኛም ነበር። እንግሊዝ እንደደረሱ ንግሥት ቪክቶሪያ በዋይት ደሴት ተቀበለችው፣ ወደደችው። በዚያው ክረምት ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን የምትባል ታዋቂ ፎቶ አንሺ ያነሳችው ፎቶ ዛሬም አለ። በየስልካችሁ አይታችሁታል፤ ያ ዓይኑ ትክዝ ያለው ልጅ ነው። ስፒዲ ህንድ ሲዘዋወር ይዞት ሄደ። አግብቶም ነበር፣ ልጁን ከሚስቱ ጋር ሆኖ ነው ያሳደገው።

ችግሩ ልጁ በሕግ የማን እንደሆነ ነው። የስፒዲ ልጅ አይደለም። የንግሥቲቱም ልጅ አይደለም። ወጪውን የሚሸፍነው የእንግሊዝ መንግሥት ነው፣ ስለዚህ የበጀት ጉዳይ ነው! ጥቂት ዓመት ቆይቶ የገንዘብ ሚኒስቴሩ «ልጁ እንግሊዝ አገር በደንብ ትምህርት ቤት ይማር» ብሎ ወሰነ። ልጁ ከስፒዲ አልለይም ብሎ አለቀሰ። ስፒዲም ተከራከረ። የሰማቸው የለም። ለዶክተር ጄክስ ብሌክ፣ ለቸልትናም ኮሌጅ ኃላፊ፣ ተሰጠ። ልብ በሉ፤ ጄክስ ብሌክ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ሴቶች ልጆቹም ልጁን እንደ ወንድም አቅርበውታል። ግን ልጁ በዚያ ቀን ያጣው አማርኛ የሚያናግረውን የመጨረሻውን ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ቋንቋው ጠፋ። የእናቱ እናት ከዚህ ከአገር ቤት ደብዳቤ ጽፈውለታል፣ ለንግሥቲቱም ጽፈዋል። አያት ነበረው ማለት ነው። ቤተሰብ ነበረው። አለቀበት ተብሎ አይደለም የተወሰደው።

በ1874 እ.ኤ.አ. ጄክስ ብሌክ የራግቢ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህር ሆኖ ሲሾም ልጁም አብሮት ሄደ። አዎ፣ ራግቢ የሚባለው ጨዋታ ስሙን ያገኘበት ትምህርት ቤት ነው። ተማሪዎቹ የጨዋታውን ሕግ በጽሑፍ ያወጡት በ1845 እ.ኤ.አ. ነው። እዚህ ጋ ነው የተማሪዬ ጥያቄ ያስገረመኝ። በዚያው በ1874፣ ዓለማየሁ ራግቢ በገባበት ዓመት፣ የካናዳው ማክጊል ዩኒቨርሲቲ ልጆች ወደ ሃርቫርድ መጥተው ይህንኑ በእጅ የሚያዘውን ጨዋታ ለአሜሪካኖቹ አሳዩ። ከአምስት ዓመት በፊት፣ ማለትም መቅደላ በተሰበረች በዓመቷ፣ ራትገርስና ፕሪንስተን ያደረጉት የመጀመሪያው የኮሌጅ ግጥሚያ ወደ እግር ኳሱ ያዘነበለ ነበር። የሃርቫርድ ልጆች ግን የራግቢውን ወደዱት፣ ከዚያ ዋልተር ካምፕ የሚባል የዬል ሰው ደንቡን እየለዋወጠ ዛሬ የምናየውን የአሜሪካን ፉትቦል አደረገው። የኮሌጅ ኳስ አያቱ ራግቢ ነው፣ የደብረ ታቦሩ ልጅም እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ታሪክ አንዳንዴ እንዲህ ሰውን ያሾፍበታል።

ራግቢ ውስጥ ኳስ ሜዳ የትምህርት ያህል ነው፤ ወንድ ልጅ የሚከበረውም የሚናቀውም እዚያ ነው። ዓለማየሁ ግን በትምህርቱም ወደኋላ ቀረ፣ በኑሮውም አልደላውም። በ1878 ሳንድኸርስት የሚባለው የጦር ትምህርት ቤት አስገቡት፣ አልሆነም፣ ወጣ። ሊድስ ከተማ አንድ አስተማሪ ዘንድ እንዲቀመጥ ተደረገ፣ እዚያ ሳንባውን ታሞ በህዳር 1872 ዓ.ም. (1879 እ.ኤ.አ.) ሞተ። 18 ዓመቱ። ንግሥቲቱ ሞቱን ስትሰማ በማስታወሻ ደብተሯ ከልብ አዝናለች፤ በባዕድ አገር ያለ አንድ ዘመድ መሞቱ ነው ያንገበገባት። ዊንዘር ተቀበረ። ያሠራችለት የነሐስ ሰሌዳ ላይ ከማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 እንግዳን ስለመቀበል የሚናገረው ቃል ተቀርጾበታል። ቃሉን ታውቁታላችሁ፣ አንብቡትና ከልጁ ታሪክ ጋር አስተያዩት።

በ2007 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደጊዮርጊስ አጽሙ ይመለስ ብለው ለንግሥት ኤልሳቤጥ ጽፈው ነበር። በ2023 ደግሞ የቡኪንግሃም ቤተ መንግሥት የሌሎችን መቃብር ሳይነካ ማውጣት አይቻልም ብሎ እምቢ ማለቱ ተሰማ። በዚያው ዓመት የተመለሰልን የጸጉሩ ዘለላ ብቻ ነው። የስፒዲ ዘመዶች ለመቶ ምናምን ዓመት አስቀምጠውት ኖሮ ለንደን ላለው አምባሳደራችን አስረከቡ። ተመልከቱ፤ ጸጉሩን ያቆየው መንግሥት አይደለም፣ ትምህርት ቤት አይደለም። አብሮት የተኛው ሰው ቤት ነው የተገኘው።

አሁን ወደ ደሴ እንሂድ። መቼም ከመቅደላ ሰፈር አልራቅንም፣ ወሎ ነን።

በጥቅምት 1996 እ.ኤ.አ. (1989 ዓ.ም.) ደሴ ውስጥ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ፣ የማነብርሃን ተባለ። ወላጆቹን በሕፃንነቱ አጣ። አዲስ አበባ የሕፃናት ማሳደጊያ ገባ። አምስት ዓመት ገደማ ሲሆነው ሮቤርቶ ክሪፓ እና ሉዊዛ የሚባሉ ከሚላኖ የመጡ ባልና ሚስት በማደጎ ወሰዱት። ብቻውን አይደለም የወሰዱት! ወንድሞቹና እህቶቹ፣ የአጎትና የአክስት ልጆች ሳይቀሩ በዚያው ቤት ተሰበሰቡ። ከሚላኖ ከተማ ወጥተው ትሬንቲኖ በሚባለው ተራራማ አገር ሞንታኜ የምትባል መንደር ገቡ። «ሞንታኜ» ራሱ ተራሮች ማለት ነው። የወሎ ልጅ ተራራ አላጣም።

ዛሬ የማን ክሪፓ ብላችሁ ፈልጉት። የጣልያን ማልያ ለብሶ ሲሮጥ ታገኙታላችሁ።

ልጅ ሳለ እንደማንኛውም የጣልያን ልጅ ኳስ ነበር የሚጫወተው። ኋላ ወደ ሩጫ ዞረ። በ2014 እና በ2015 እ.ኤ.አ. ተከታትሎ የአውሮፓ ወጣቶች አገር አቋራጭ ሻምፒዮን ሆነ። በ2018 በርሊን ላይ በ10 ሺህ ሜትር ነሐስ አገኘ። በ2019 በዶሃው የዓለም ሻምፒዮና በ27 ደቂቃ ከ10.76 ሰከንድ ስምንተኛ ወጣ፤ ስምንተኛ መውጣት ለኛ ምንም አይመስለንም፣ የኛው ዮሚፍ ቀጄልቻ በዚያ ውድድር ሁለተኛ ነው የወጣው። ለጣልያን ግን ሳልቫቶሬ አንቲቦ ከ1989 ጀምሮ ይዞት የኖረው ክብረ ወሰን ከ30 ዓመት በኋላ ተሰበረ። በሚቀጥለው ዓመት የ5 ሺውንና የ3 ሺውንም ሰበረ።

ከሁሉም ሙኒክን ነው የምወደው። ነሐሴ 2022 እ.ኤ.አ.፣ የአውሮፓ ሻምፒዮና፣ 10 ሺህ ሜትር። ዘርኢ ክብሮም የሚባል ኤርትራ የተወለደ የኖርዌይ ሯጭ ቀድሞ ወጣ። የማነ በመጨረሻው ዙር ከኋላ መጥቶ ያዘው፣ አለፈው። 27፡46.13 በ27፡46.94፤ አንድ ሰከንድ እንኳ አይሞላም ልዩነቱ። እስቲ አስቡት፣ የአውሮፓ ሻምፒዮን ለመሆን የደሴና የኤርትራ ልጆች ሲተናነቁ! አንዱ የጣልያን፣ አንዱ የኖርዌይ ባንዲራ ለብሰው ነው የጨረሱት። በ2024 ደግሞ በሰቪያ ማራቶን በ2፡06፡06 የጣልያንን ክብረ ወሰን ያዘ፣ በሰኔ ወር ሮም ላይ በግማሽ ማራቶን የአውሮፓ ሻምፒዮን ሆነ። ሮም! አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በ1960 እ.ኤ.አ. የሮጠባት፣ የአክሱም ሐውልት ያን ጊዜ ገና ተገትራባት የነበረችው ሮም።

ታሪክ የምንወድ ሰዎች ይቺን አንዘላትም፤ ጣልያን ደሴን በቦምብ የደበደበው በህዳር 1928 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ኃይለሥላሴ እዚያው ነበሩ፣ ራሳቸው የአየር መቃወሚያ ይዘው ሲተኩሱ የሚያሳየው ፎቶ ዓለምን ዞሯል። ከስልሳ ዓመት በኋላ እዚያች ከተማ የተወለደ ልጅ ለጣልያን ወርቅ ሲያመጣ የሚናደድ ሰው ይኖራል፣ በየአስተያየት መስጫው አይቻለሁ። «ባንዳ» ብሎ የጻፈም አለ። እረ ተዉ! በአምስት ዓመቱ ማንን ከዳ? ያን ጊዜ ማን አለሁልህ አለው? እንደኔ እንደኔ የሚያኮራ እንጂ የሚያስቆጣ ነገር አላየሁበትም። ቅር የሚለኝ ነገር ካለ፣ እኛ ዘንድ ቢቀር ኖሮ ስንቱ የማነ ሰኞ ገበያ ላይ ፌስታል ሲሸጥ ባየነው የሚለው ነው።

በኛ አገር ሯጭ ኦሜድላ ወይም መቻል ገብቶ ደሞዝ እየበላ እንደሚሮጠው፣ ጣልያንም ሯጩን ፊያሜ ኦሮ የሚባለው የፖሊስ ክለብ ቀጥሮ ያስሮጠዋል። የማነም የዚያ ክለብ ነው። አሜሪካ ቢሄድ ኖሮ ያንን ሥራ የሚሠራለት ዩኒቨርሲቲ ነበር። መንገዱ እንደየአገሩ ይለያያል። የሁሉም መነሻ ግን ጠዋት ቁርስ ሰጥቶ ማታ «የት አመሸህ?» ብሎ የሚቆጣ ቤት ነው። ታላቅ ወንድሙ ነቃገነት (ጣልያኖቹ «ኔካ» ይሉታል) እሱም ሯጭ ነው፣ እሱም የክሪፓ ልጅ ነው። ዓለማየሁ ቸልትናም ላይ ማታ ሲተኛ በአማርኛ «እናታችን ትዝ ትልሃለች?» የሚለው ሰው አልነበረም። የማነ ነበረው። ለኔ የሁለቱ ልጆች ዕጣ የተለየው እዚህ ላይ ነው። የአንደኛው ሞግዚት ንግሥት ነበረች፣ ገንዘብም ትምህርት ቤትም አልጎደለበትም። የሁለተኛው ወላጆች ተራ ሰዎች ናቸው፤ ግን ልጅ አደረጉት፣ ስማቸውን ሰጡት፣ ዘመዱንም አልነጠሉትም።

ይህ የኔ ፈጠራ እንዳይመስላችሁ ሌላም አለ። ማርከስ ሳሙኤልሰንን ታውቁታላችሁ፣ ኒው ዮርክ ሐርለም ውስጥ «ሬድ ሩስተር» የሚባለው ምግብ ቤት ባለቤት። ካሳሁን ነበር ስሙ። እናቱ በሳንባ ነቀርሳ ሲሞቱ ከእህቱ ከፋንታዬ ጋር ሆኖ ነው ስዊድን የሄደው። ጎተንበርግ ከተማ አደገ፣ ኳስ ነበር ሕልሙ፣ ጋይስ በሚባል ክለብ ታዳጊ ቡድን ተጫውቷል። ሰውነትህ ደቃቃ ነው ብለው ቀነሱት። ወጥ ቤት ገባ! በ2009 እ.ኤ.አ. ኦባማ ለህንዱ ጠቅላይ ሚኒስትር ላዘጋጀው የመጀመሪያ የመንግሥት ግብዣ ዋናው ምግብ አዘጋጅ እሱ ነበር። እዚህም እህት አለች። ሌላም ነገር አለ፤ ሁለቱም ልጆች አባታችን ሞቷል ብለው ነው ያደጉት። አባትየው ግን በሕይወት ነበሩ፣ ልጆቹ ትልቅ ሰው ከሆኑ በኋላ ነው የተገኙት።

ይሄ የመጨረሻው ነገር ነው ወደ ቤታችን የሚያመጣን። ከ1999 እ.ኤ.አ. ወዲህ ወደ አሜሪካ ብቻ ከ15 ሺህ በላይ የኢትዮጵያ ልጆች በማደጎ ሄደዋል። በ2010 በአንድ ዓመት ብቻ ከ2 ሺህ 500 በላይ። አንጀሊና ጆሊ በ2005 ዘሃራን ከወሰደች በኋላ ዓለም ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ጎረፈ። ጥሩ ቤት የገባ ብዙ ልጅ አለ። ግን መሐል ላይ ገንዘብ ገባ። እናት አባት እያላቸው «ወላጅ አልባ» ተብለው የተጻፉ ልጆች ነበሩ። ልጄ ውጭ ተምሮ ይመለስልኛል ብሎ የፈረመ ገበሬ ነበር፤ ለሱ ነገሩ አሳዳጊ መስጠት እንጂ ልጅነትን መፋቅ አልነበረም። በ2011 ደግሞ ዋሽንግተን ግዛት ውስጥ ሐና የተባለች የኛ ልጅ በአሳዳጊዎቿ እጅ ተርባ፣ ተገርፋ፣ ብርድ ላይ ወድቃ ሞተች። ሁለቱም ተፈርዶባቸዋል። መንግሥት በዚያው ዓመት የሚያልፈውን ፋይል በቀን ወደ አምስት አወረደው፤ በመጨረሻም ጥር 1 ቀን 2010 ዓ.ም. ፓርላማው የቤተሰብ ሕጉን አሻሽሎ የውጭ ጉዲፈቻን አቆመ።

ሕጉ ልክ ነው አይደለም የሚለው ላይ ከናንተ ጋር ብዙ ልከራከር እችላለሁ። እኔ በመቆሙ አላዝንም። ዝም ብሎ መዝጋት ግን ግማሽ ሥራ ነው፤ የተዘጋው በር ውስጥ የቀሩትን ልጆች ማን ልጅ አደረጋቸው? ማሳደጊያው ሞልቷል፣ የከተማው ሰው ቤት ሠራተኛ አድርጎ ይወስዳል፣ «አሳድጋለሁ» ይላል። ቅፁ ላይም «አሳዳጊ» ብሎ ይፈርማል። የአገር ውስጥ ጉዲፈቻ አለ፤ በፍርድ ቤት ሄዶ ልጁን ልጅ ማድረግ፣ ውርስም ስምም መስጠት ይቻላል። ስንቶቻችን ነን በአካባቢያችን እንዲህ ያደረገ ሰው የምናውቀው? ልጅ የሌላቸው ባልና ሚስት ጠበል ለጠበል ሲንከራተቱ፣ ጎረቤት ደግሞ እናት የሌለው ልጅ ሲንከራተት አያለሁ። አባቶቻችን በአንድ ጣት ማር የጨረሱት ጉዳይ ነው።

ለተማሪዬ ጥያቄ መልሱ እንግዲህ ይሄው ነው፤ ከኛ አገር በማደጎ ሄዶ በስፖርት የከበረ ካልክ የደሴውን የማነብርሃንን ፈልግና ሲሮጥ እየው። ዓለማየሁን ግን ሳታነብ እንዳታልፍ።

አንድ ነገር ልለምናችሁና ላብቃ። ያኔ የሄዱት ልጆች አሁን ሃያ፣ ሃያ አምስት ዓመታቸው ነው። እየመጡ ነው፣ ወላጅ እየፈለጉ ነው። በእጃቸው የሚይዙት የአባት ስምና የወረዳ ስም ብቻ ነው፣ እሱም በእንግሊዝኛ ፊደል ተጽፎ የተበላሸ። ስለዚህ በሊቦም፣ በፎገራም፣ በየትኛውም ሰፈር ያላችሁ፣ ከ2010 በፊት ልጅ የሰጠ ዘመድ ወይም ጎረቤት ካላችሁ፣ ሄዳችሁ አናግሩት። የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የቀበሌ ደብዳቤ፣ የማሳደጊያው ካርድ፣ የልጁ ፎቶ ካለ ሁሉንም በስልካችሁ አንሱለት። የክርስትና ስሙን፣ የክርስትና አባቱን ስም፣ የተነሳበትን ቤተ ክርስቲያን ጻፉለት፤ ሽማግሌዎቹ ሳይሞቱ። ዋናውን ወረቀት ደግሞ ከጣሪያ ማገር ሥር አውጡት፣ በፌስታል ጠቅልላችሁ ሳጥን ውስጥ አስቀምጡት። አይጥ ይበላዋል።